ነፍስ በሁለት ሚዛን ትመዘናለችን?

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 አንድ ፈተና ተካሂዶ ነበር። ግሎባል ኤንካፕ የተባለው፣ መኪናዎችን እያጋጨ የሚፈትን ድርጅት ሁለት ፒክአፖችን ፊት ለፊት አላተመ። ሁለቱም የኒሳን ምርቶች ናቸው። አንደኛዋ በደቡብ አፍሪካ ተሠርታ ለአፍሪካ ገበያ የቀረበች አዲስ “ኤንፒ 300 ሃርድቦዲ” ስትሆን፣ ሁለተኛዋ ደግሞ አውሮፓ ውስጥ ስትነዳ የቆየች የ2015 ሥሪት “ናቫራ” ነበረች። ውጤቱስ? በአዲሷ መኪና መሪ ላይ ተቀምጦ የነበረው የመፈተኛ አሻንጉሊት ሰው ቢሆን ኖሮ ሳይሞት አይቀርም ነበር። በአሮጌዋ ውስጥ የነበረው ግን በሩን ከፍቶ በእግሩ ሊሄድ ይችል ነበር።

ልብ በሉ! ሃርድቦዲዋ ኤርባግ አልነበራትም እንዳይባል ሁለት ነበሯት። የጎደላት በዓይን የማይታየው ነው። ሹፌሩ የሚቀመጥበትን ክፍል ከመጨማደድ የሚጠብቀው የብረት አጽም በቂ ጥንካሬ አልነበረውም። ገዢ ሰው ቀለሙን ያያል፣ ወንበሩን ይዳስሳል፣ ሞተሩን አስነሥቶ ያዳምጣል። የብረቱን አጽም ግን ከቆርቆሮው ሥር ገብቶ ሊያየው አይችልም። የሚያውቀው ሠሪው ብቻ ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። አንድ ፋብሪካ ነፍስ የሚያድነውን ብረት እንዴት እንደሚያበጅ እያወቀ፣ ለአንዱ አገር ሰው አበጅቶ ለሌላው ቢያስቀርበት ምን በደለ? ሕግ አልጣሰምና! የፋብሪካዎች መልስ ሁልጊዜም ይኸው ነው፦ “መኪናችን የሚሸጥበትን አገር ሕግ ያሟላል።” እውነት ነው፣ ያሟላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1966 የመኪና ደኅንነት ሕግ አውጥታ፣ ያንን ሳያሟላ ወደ ገበያዋ የሚገባ አዲስ መኪና እንዳይኖር አድርጋለች። የአውሮፓ አገሮችም በ1958ቱ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ሥር በሚወጡ ደንቦች ተሳስረዋል። ከአፍሪካ የዚህ ስምምነት አባል የሆኑት አገሮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ ፋብሪካው ሕጉ ጥብቅ በሆነበት ሙሉውን፣ ሕጉ ዝም ባለበት ደግሞ ጎዶሎውን ይዞ ይቀርባል።

የሜክሲኮው ነገር ከዚህም ይብሳል። በዚያ አገር ኒሳን “ሱሩ” የምትባል፣ ንድፏ የ1990ዎቹ መጀመሪያ የሆነ መኪና ለዓመታት ይሸጥ ነበር። እዚያው ሜክሲኮ ውስጥ ደግሞ ለአሜሪካ ገበያ የምትላክ “ቨርሳ” ትሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ሁለቱ ተላተሙ፤ የሱሩዋ ክፍል ተጨራመተ፣ የቨርሳዋ ተረፈ። ሁለቱንም የሠሩት የሜክሲኮ እጆች ናቸው። ደህነኛዋ ድንበር ተሻግራ ሄደች፣ ገዳይዋ ለሠሪዎቹ ቤተሰብ ቀረች! ኩባንያው ፈተናው ይፋ በሚሆንበት ሰሞን የሱሩን ምርት በ2017 እንደሚያቆም አስታወቀ። ያን ጊዜ የተለወጠ የምሕንድስና ዕውቀት አልነበረም፤ የተለወጠው ነገሩን ሰው ማየቱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስና የፋብሪካዎቹን ክርክር በጠንካራ ጎኑ እንየው። ይህን ክርክር ከሁሉ በተሻለ ሁኔታ ሲናገሩ የሰማኋቸው የኩባንያ ጠበቃ ሳይሆኑ አንድ የስማዳ ሽማግሌ ናቸው። በ2011 ዓ.ም. ለሥራ ጉዳይ ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በቅጥቅጥ ተሳፍሬ ነበር። በደርግ ዘመን ቻይኖች የሠሩት የወረታና የወልድያ መንገድ የጉናን ተራራ ታክኮ ሲያልፍ፣ በአንድ በኩል ገደል በሌላ በኩል ጉም ነው። ኮሪደሩ ላይ ሦስት ሰዎች ዱካ ላይ ተቀምጠዋል፣ ጣሪያው ላይ የጤፍ ጆንያ ተጭኗል። እኔ የተቀመጥሁበት ወንበር በየኩርባው ከወለሉ ብድግ ይላል፤ ጎንበስ ብዬ ሳይ ከአራቱ ብሎኖች ሁለቱ የሉም። ረዳቱን ስለ ወንበሩና ስለ ቀበቶ ብጠይቀው ሳቀ። አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ ግን አልሳቁም።

“ልጄ” አሉኝ፤ “እኔ እናቴን በቃሬዛ ከስማዳ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ያደረስሁ ሰው ነኝ። ስንት ወንዝ፣ ስንት ዳገት! ዛሬ መኪና መጣልን። አንተ ስለ ቀበቶ ትጠይቃለህ?”

“አባቴ፣ መኪናውስ ይምጣ፤ ወንበሩ ግን ቢታሰር አይከፋም” አልኋቸው።

“ከታሰረማ ዋጋው ይጨምራል። ከጨመረ ደግሞ እኔ በእግሬ ነኝ” አሉና ጋቢያቸውን ተከናነቡ።

ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። ሙሉ ዕቃ የተገጠመለት መኪና ካልሆነ አይግባ ብንል፣ ምጥ የጠናባት የገጠር ሴት የምትመለሰው ወደ ቃሬዛው ነው። በቅጥቅጥ መሄድ አደጋ ቢኖረውም፣ ሐኪም ሳያገኙ መቅረትም አደጋ ነው። ደሀ ሰው ዘወትር ከሁለት አደጋዎች አንዱን ሲመርጥ ይኖራል። ከሩቅ ሆኖ የእርሱን ምርጫ የሚንቅ ሰው እኔን ደስ አያሰኘኝም።

ነገር ግን ሽማግሌው የተናገሩት ክርክር ለእርሳቸው እንጂ ለሻጩ አይሆንም። ለምን ቢሉ፣ በመጀመሪያ ደረጃ እርሳቸው ገዢ አይደሉም። መኪናውን የገዛው ባለንብረቱ ነው። ፋብሪካው ብረት ሲቀንስ ያተረፈው፣ ቦዲ ሠሪው ብሎን ሲቀንስ ያተረፈው፣ ባለንብረቱም በርካሽ ገዝቶ ያተረፈው ገንዘብ አለ፤ ከዚያ ውስጥ ለሽማግሌው የደረሳቸው ሳንቲም ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። ታሪፉ ወንበሩ በስንት ብሎን እንደታሰረ አይጠይቅምና። ትርፉ በአንድ ወገን፣ አደጋው በሌላ ወገን ከሆነ “ደሀው መርጦ ነው” ማለት እንዴት ይቻላል? ሁለተኛውና የሚብሰው ደግሞ እርሳቸው አለማወቃቸው ነው። የብሎኑን ነገር የነገርኋቸው እኔ ነኝ። ቃሬዛውንና መኪናውን አወዳድረዋል፤ ይህን መኪናና ደኅና ሆኖ የተሠራውን መኪና ግን አላወዳደሩም። ሁለተኛው በስንት ብር እንደሚበልጥ የነገራቸው ሰው የለም። ምናልባት የሁለት ብሎን ዋጋ ሊሆን ይችላል!

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ በሌላው ላይ ብቻ ጣት የጠቆምሁ ይሆናል። በሀብታምና በደሀ አገሮች መካከል ያለው አሠራር ወደ ውስጥ ስንመለከትም አለ። በዚያ ጉዞ እንዳስተዋልሁት፣ ደኅናው አውቶቡስ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳርና ጎንደር ባለው አስፋልት ላይ ይሠራል። ሲደክም ወደ ዞን ከተሞች ይወርዳል። ከዚያም ሲብስበት ወደ ጠጠሩ መንገድ፣ ወደ አርብ ገበያ፣ ወደ ወገዳ፣ ወደ እስቴ መካነ ኢየሱስ ይገባል። ማለትም ቁልቁለቱ የሚብሰው መንገድ ፍሬኑ ለደከመው መኪና ይሰጣል። ይህን የወሰነ ጃፓናዊ ወይም ጀርመናዊ የለም። ዕቃ እንዲጭን የተሠራን ሐይስ ጎኑን ቆርጦ መስኮት ያወጣለት፣ ወለሉ ላይ ወንበር በይዶ ሰው የጫነበትም የእኛው ጋራዥ ነው።

ስለ ሰው ነፍስ ዋጋ ሲነሣ ብዙዎች የሚጠቅሱት የፎርድ ኩባንያን ወረቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ፎርድ ለአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ባቀረበው ስሌት፣ መኪና ሲገለበጥ ነዳጅ እንዳይፈስ የሚያደርግ ማሻሻያ ለእያንዳንዱ መኪና 11 ዶላር ያስወጣል ይላል። ማሻሻያው በ12.5 ሚሊዮን መኪናዎች ላይ ቢደረግ ወጪው 137 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። በአንጻሩ ከሞት የሚድኑት 180 ሰዎች፣ ከቃጠሎ የሚተርፉት ሌላ 180 ሰዎችና የሚተርፉት መኪናዎች ሁሉ ተደምረው 49.5 ሚሊዮን ዶላር “ያወጣሉ”። አንድ ነፍስ በ200 ሺህ ዶላር ተተምና ማለት ነው። ወረቀቱ ሲወጣ አሜሪካ ታወከች።

እኔ ከብዙዎች የምለየው እዚህ ላይ ነው። ማስላቱ ራሱ ኃጢአት አይመስለኝም። የ200 ሺውን ዶላር ግምት ያወጣውም ፎርድ ሳይሆን ራሱ የመንግሥቱ መሥሪያ ቤት ነበር። መንገድ የሚሠራ ሁሉ ያሰላል። በየኩርባው የብረት አጥር የማያቆም መንግሥት፣ ቢናገረውም ባይናገረውም አስልቶ ነው። የገንዘብ ልክ አለና። ልዩነቱ ሌላ ነው። የአሜሪካ ሰዎች ወረቀቱን አዩት፣ ተከራከሩበት። ፒንቶ በተባለችው የፎርድ መኪና ምክንያት የተቃጠሉትም ፍርድ ቤት ቀረቡ፤ በ1978 ፎርድ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል መኪናዎችን መልሶ ለመጠገን ተገደደ። ስለ እኛ ነፍስ የተሠራው ስሌት ግን በማን መሳቢያ ውስጥ አለ? ማን አየው? ማንስ ተከራከረበት?

የታካታን ነገር ብንወስድ ደግሞ ይኸው ያለማወቅ ጉዳይ ፍንትው ብሎ ይታያል። ታካታ የኤርባግ መንፊያ የሚሠራ የጃፓን ኩባንያ ነበር። ለመንፊያው የመረጠው አሞኒየም ናይትሬት ዋጋው ቀለል ያለ ሲሆን፣ ሙቀትና እርጥበት ለዓመታት ሲፈራረቅበት ባሕርዩ ይለወጣል። ያን ጊዜ ነፍስ ሊያድን የተገጠመው ኤርባግ ሲፈነዳ የብረት ፍንጣሪ ወደ ሹፌሩ አንገት ይረጫል። በዓለም ዙሪያ እንዲለወጥ ጥሪ የተደረገበት መንፊያ ከመቶ ሚሊዮን ያልፋል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2017 ጥፋቱን በፍርድ ቤት አምኖ ከሰረ። ጥሪው ከነካቸው መኪናዎች መካከል በከተሞቻችን መንገድ ሞልተው የምናያቸው የቶዮታ ኮሮላና ያሪስ የተወሰኑ ዓመታት ሥሪቶች ይገኛሉ። በአሜሪካና በጃፓን ለባለመኪናው ደብዳቤ ይላክለታል፤ መኪናውን ወስዶ በነፃ ያስቀይራል። መኪናው አርጅቶ፣ ተሽጦ፣ በመርከብ ተጭኖ ጅቡቲ ሲወርድስ? ደብዳቤው የሚከተለው በዚያ አገር የተመዘገበውን ባለቤት እንጂ መኪናውን አይደለም። በደጋው ነፋስ መውጫ ብርዱ እንኳ መንፊያውን ያቆየው ይሆናል፤ መተማ፣ ሠመራና ድሬዳዋ ላይ ያለችው መኪናስ?

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2020 ባወጣው ዘገባ፣ ከ2015 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል መኪናዎች ከአገር ወደ አገር ተሽጠዋል። የኔዘርላንድ መንግሥት ተቆጣጣሪዎች ወደቦቻቸው ላይ ሆነው ወደ አፍሪካ የሚሄዱትን ሲመረምሩ፣ አብዛኞቹ የጸና የምርመራ ማረጋገጫ ያልነበራቸው ሆነው ተገኙ። በአገራቸው መንገድ ላይ ሊነዱ የማይፈቀድላቸው ማለት ነው።

በአገራችን አደጋ ሲደርስ የምንሰማው ዜና ሁልጊዜ አንድ ነው፦ “የአሽከርካሪው ጥንቃቄ ጉድለት”። ይህ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ነገር ግን ግጭቱን ያመጣውና ሞቱን ያመጣው ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ስዊድናዊውም ሹፌር ያንቀላፋል፣ ስልክ ያነጋግራል፣ ይሳሳታል። የእርሱ ስህተት በተሰበረ ክንድ ሲያበቃ የእኛው ስህተት በቀብር የሚያበቃው ለምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በይፋ የተመዘገበው የመንገድ አደጋ ሟች 4,352 ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ግምት ግን ከ27 ሺህ በላይ ነበር። በዚህ ሁሉ ሬሳ ላይ ወንበሩ እንዴት እንደተነቀለ፣ ጣሪያው ለምን እንደተጨፈለቀ የሚጠይቅ ማን ነው? እኛማ ለመኪናው ቅጽል ስም አውጥተን እናልፋለን። ሲኖትራኩን “ቀይ ሽብር”፣ ጫት ጭኖ የሚበረውን አይሱዙ “አልቃኢዳ” አልነው። ይህ ሁለተኛው ቀልድ እኔን አስቆኝ አያውቅም። የፍሬንና የጭነት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የአንድ ሃይማኖት ሰዎች ስም የሚነሣበት ሆነ እኮ!

ጥፋትን ወደ ነጂው የመግፋት ነገር ከመሬት አልፎ ሰማይ ላይም አይተነዋል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አጠገብ የወደቀው የአየር መንገዳችን 737 ማክስ 157 ነፍሶችን ይዞ ሄደ። አፍንጫውን በራሱ ጊዜ ወደ ታች የሚደፍቀው ሥርዓት በአንድ መለኪያ ብቻ ላይ የተንጠለጠለ ነበር፤ ቦይንግም ስለ ሥርዓቱ በአብራሪዎች መመሪያ ላይ አልጻፈም። የሁለቱ መለኪያዎች ንባብ ሲለያይ የሚያስጠነቅቀው ምልክት በተጨማሪ ክፍያ ከሚሸጥ ሌላ ዕቃ ጋር ተያይዞ ስለነበር፣ ያንን ባልገዙት ላይ አይሠራም ነበር። ቦይንግ ይህን ከ2017 ጀምሮ ያውቅ ነበር። ሆኖም አደጋው እንደደረሰ በአሜሪካ ምክር ቤት ሳይቀር ጥያቄ የተነሣው በካፒቴን ያሬድ ጌታቸውና በረዳት አብራሪው አህመድኑር ሙሐመድ ሥልጠና ላይ ነበር። እነርሱ ደግሞ መልስ ሊሰጡ አይችሉም። ቦይንግ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር በተስማማው መሠረት ከሁለት ቢሊዮን ተኩል ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ፤ ይህም የሆነው የሞቱት ሰዎች ዝርዝር የብዙ አገር ዜጎችን የያዘ ስለነበረ ይመስለኛል። ወገዳ ላይ ለሚገለበጥ ቅጥቅጥ እንዲህ ያለ መርማሪ አይመጣም።

በኢስላማዊው የንግድ ሕግ ይህ ጉዳይ እንግዳ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ሥሩ እርጥብ ሆኖ እንዳገኙት፣ ሻጩም ዝናብ እንደመታው ሲነግራቸው እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ባለማድረጉ እንደገሠጹት ሁላችንም ከሕፃንነታችን ሰምተናል። አስተውሉ፤ እርጥብ እህል መሸጥ አልተከለከለም። ደሀው በርካሽ ይገዛዋል፣ አድርቆ ይበላዋል። የተነቀፈው ከሥር መደበቁ ነው። ዑለማዎች ስለ ዐይብ ሲናገሩም ሸክሙን የጣሉት ጉድለቱን በሚያውቀው ሻጭ ላይ እንጂ “ለምን አልመረመርህም” ብለው በገዢው ላይ አይደለም።

ይህ ግን ስለ ገዢና ሻጭ ነው። ሽማግሌው ደግሞ ገዢ አልነበሩም ብለናል። ለእርሳቸው የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ1058 ያረፉት የባግዳዱ ሊቅ አል-ማወርዲ ስለ መንግሥት አስተዳደር በጻፉት ኪታብ ውስጥ ያለው ነው። ስለ ገበያ ተቆጣጣሪው፣ ስለ ሙሕተሲቡ ሥራ ሲዘረዝሩ፣ ባለመርከቦች መስጠም እስኪያሰጋ ድረስ እንዳይጭኑ፣ ነፋስ ሲበረታም እንዳይጓዙ መከልከል እንዳለበት ያነሣሉ። ሙሕተሲቡ ባለመርከቡን ሲከለክለው ተሳፋሪው እስኪከስስ አይጠብቅም። ተሳፋሪው የመርከቡን ታች አያውቅምና፣ ቢያውቅም ወንዙን መሻገር አለበትና። ከሽማግሌው ጋር የተነጋገርሁትን ሳስታውስ፣ ሊሰጣቸው ይገባ የነበረው መልስ የእኔ ሳይሆን ይህ ነው እላለሁ። ብሎኑን የማሰር ግዴታ በእርሳቸው ኪስ ላይ ሳይሆን ከመናኸሪያው በር ላይ በሚቆመው ተቆጣጣሪ ላይ መውደቅ ነበረበት።

መንግሥት ምንም አላደረገም አልልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪናዎች ላይ ከዋጋቸው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ግብር ጥሏል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ነገር ግን የመጀመሪያው ዕድሜን፣ ሁለተኛው ነዳጅን ነው የሚጠይቀው። ሃርድቦዲዋ አዲስ ነበረች እኮ! ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በብዛት የምናየው የፎክስዋገን “አይዲ 6” ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራ ኤሌክትሪክ መኪና ነው። ክፉ መኪና ነው ማለቴ አይደለም፤ ቻይናም የራሷ የደኅንነት ሕግ አላት። ዳሩ ግን ማስጠንቀቂያውን በቻይንኛ ለሚጽፍ መኪና የቦሌ ሹፌር ምን ይመልስለታል? ነገ ጉድለት ቢገኝበትስ ደብዳቤው ለማን ይላካል?

ባለፈው ሰሞን የአንድ ወዳጄን ሊብሬ ተቀብዬ ከላይ እስከ ታች አነበብሁት። የሻንሲ ቁጥር አለ፣ የሞተር ቁጥር አለ፣ የፈረስ ጉልበት፣ ቀለም፣ የወንበር ብዛት፣ ጭነት በኩንታል አለ። የተሠራበት አገርም ተጽፏል። ለየትኛው አገር ሰው ተብሎ እንደተሠራ የሚጻፍበት መስመር ግን የለውም።